ሲነሣ የሚሞት ፕሮግራም ምክንያቱን ይናገር

ሰሞኑን በማለዳ ቱሉ ዲምቱ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ተደወለልኝ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ አድሯል፤ የሽያጭ ፕሮግራሙም አልከፈት ብሏል። ስደርስ ባለሙያዋ ምልክቱን ደጋግማ ትጫናለች፤ የመጠበቂያዋ ክብ ለቅጽበት ትዞርና ትጠፋለች። መስኮት የለም፣ መልእክት የለም። አንዲት እናት ማዘዣቸውን ይዘው ባንኮኒውን ተደግፈዋል፤ "ልጄ፣ ገና ነው?" ይላሉ።

ፕሮግራሙን ከሌላ ሰው ተረክቤ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ለጊዜው ከመጠባበቂያው ቅጂ መልሼ እኚያን እናት አስተናገድናቸው፤ ከዚያ ኮዱን ከፈትሁ። የዋናው መስኮት ኮንስትራክተር (መስኮቱ ሲፈጠር መጀመሪያ የሚሠራው ኮድ) የፕሮግራሙ ምርጫዎች የተጻፉበትን የማዋቀሪያ ፋይል ያነባል፣ ዳታቤዙን ይከፍታል፣ የመለያ ወረቀት ማተሚያውን ይፈልጋል። መብራቱ የጠፋው ፋይሉ በመጻፍ ላይ ሳለ ነበርና ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ንባቡ ሲከሽፍ የተወረወረውን ኤክሴፕሽን (የስሕተት ምልክት) ስሕተት የሚይዘው የካች ብሎክ ዋጥ አድርጎ፣ ቃል ሳይተነፍስ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል።

ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ኮንስትራክተር የሚመልሰው ዋጋ ስለሌለው "አልተሳካልኝም" የሚልበት አፉ ኤክሴፕሽን ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ኮንስትራክተሩ ኤክሴፕሽን ከወረወረ ኦብጀክቱ (እንደ መስኮቱ ያለው የሚፈጠረው አካል) እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል፤ ሲጠፋ የሚያጸዳው ኮድ፣ የራሱ ዲስትራክተር፣ አይጠራም፣ ቀድመው የተሠሩት አባላቱ ግን በሥርዓት ይፈርሳሉ። ቋንቋው ራሱ ጎዶሎ ኦብጀክት አልቀበልም እያለ እኛ ለምን እናሳልፈዋለን? በማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት፣ ለአንድ ክላስ (ለኦብጀክቶች ንድፍ) አንዴ ብቻ በሚሠራው ስታቲክ ኮንስትራክተር ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አንዴ ከከሸፈ ፕሮግራሙ ተዘግቶ እስኪነሣ ድረስ ያ ክላስ አይሠራም። የሚታየው "ታይፕ ኢኒሻላይዜሽን ኤክሴፕሽን" ነው፤ እውነተኛው ምክንያት በውስጡ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጥቅሉን ሳይፈታ የስሕተት መዝገብ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራመር ምንም አልጻፈም።

ፋይልና ዳታቤዝ የመክፈቱን ሥራ ከኮንስትራክተሩ አውጥቼ መስኮቱ ከመፈጠሩ በፊት አስቀደምሁት። የማዋቀሪያ ፋይሉ አሁን በጊዜያዊ ስም ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ አሮጌውን ይተካል። ማተሚያው ባይገኝ ግን ሽያጭ ለምን ይቁም? ያለ እሱ ይነሣል።

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ ፋይሉን ሆን ብዬ ከግማሹ ቆረጥሁትና ለባለሙያዋ ክፈቺው አልኋት። "የማዋቀሪያ ፋይሉ ተበላሽቷል። የትናንቱን ቅጂ ልጠቀም?" የሚል መልእክት መጣ። አነበበችው፤ ቀና ብላ እኔን ሳታይ "አዎ"ን ተጫነች።