ገመናዬን ለማን ልንገር?

ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክርስትና ላይ ተገኝቼ ነበር። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ስለ አንዲት ልጅ ወሬ ተነሳ። ከብራዚል ተነስታ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየንን ጫካ በእግሯ አቋርጣ የመጣች ናት። እንቅልፍ እምቢ ካላት ሰነባብቷል። ሰው በኋላዋ ሲመጣ ትደነግጣለች።

«ጠበል ትግባ» አሉ አንዲት እናት። «የዚህ አገር ሐኪም በክኒን ማፍዘዝ ነው የሚያውቀው።»

አብራን የነበረች አንዲት ነርስ ቀበል አድርጋ «ጠበሉን ማን ከለከላት እማማ?» አለች። «በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ እንጦጦ ላይ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው የለ?»

ኡበር የሚነዳው ልጅ ሳቀ። «ኢንሹራንስ የላት! ከሥራ ብትቀር ኪራዩን ማን ሊከፍልላት ነው? ደግሞ አማኑኤል ገባች ብላችሁ የምታወሩት እናንተው ናችሁ።»

እውነቱን ነው። እማማ ግን ተቆጡ።

እስካሁን ዝም ያለች ሴት ነበረች። «እኔ ሄጄ ነበር» አለች። «ያስተረጎመችልኝን ሴት በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት። ምንም አላለችኝም። እኔ ግን ሁለተኛ ክሊኒኩን አልረገጥኩም።»

«አስተርጓሚው በስልክ ይሁንልኝ ማለት ነበረብሽ» አለች ነርሷ። «ሌላ ስቴት ያለ ሰው ሊሰጡሽ ይችላሉ። ላንቺ ነፃ ነው።»

«እኔስ ልጄ ነው የሚያስተረጉምልኝ» አለች ሌላዋ። ነርሷ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ማስተርጎም በሕግ ክልክል መሆኑን ነገረቻት። ክልክል ባይሆንስ? የትኛዋ እናት ናት መንገድ ላይ የደረሰባትን በልጇ አፍ የምታስነግር?

እኔ የጠበልና የክኒኑ ሙግት ብዙም አልገባኝም፤ ሁለቱም ጋ የሚሄድ ሰው ሞልቷል። የኪራዩ ነገር ከባድ ነው። ከሁሉ የከነከነኝ ግን የዝምተኛዋ ነገር ነው። ሴቶቻችን ሐኪም ቤት አይሄዱም ይባላል። ይሄዳሉ እንጂ! ግን ሰው ይሰማኛል ብለው ራሴን፣ ጨጓራዬን ይላሉ፤ የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይሁንና አንድ ደብር ለሚሳለም ሰው ይህ ብቻውን አያሳምንም። ስለዚህ ክሊኒኩ ቀጠሮ ሲይዝላት «አስተርጓሚሽ በስልክ ወይስ በአካል? ሴት ወይስ ወንድ?» ብሎ ይጠይቃት። ጠያቂዋ እሷ ትሁን ማለት አይሆንም፤ እንግሊዝኛውን ብትችለው መቼ አስተርጓሚ ትፈልግ ነበር?