«ሞላ መቀየር ምን አላት?»

ኧረ በፈጣሪ! «የመኪና ሞላ መቀየር ምን አላት፣ ግማሽ ቀን አትፈጅም» የምትሉ ሰዎች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የኋላውን ሞላ የተሸከመውን የታችኛውን ክንድ በጎማው በኩል የሚይዘውን ብሎን በገዛ እጃችሁ ፈትታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ መኪና ላይ ብሎኑ በሁለት ጣት ተሽከርክሮ ሲወጣ ቪዲዮ አይታችሁ ነው?

እጄ ገና ዘይት ነው። ስክሪኑ አልታዘዝ እያለኝ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ።

ብሎኑን ከጫፉ የሚያጠብቀው ዳዶ ወጥቷል እኮ! መሬት ላይ ነው ያለው። ሰውን የሚሸውደውም እሱ ነው፤ ዳዶው ከወጣ ያለቀ ይመስላል። ከዚያ የብሎኑን ራስ በቁልፍ ስትይዘው ሩብ ዙር ያህል እሺ ብሎ ይዞራል። ደስ ይልሃል። ለቀቅ ስታደርገው ተመልሶ ቦታው ቁጭ! ይህን ያየ ሰው መዶሻም ዘይትም ሳያነሳ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ብሎኑ ብቻውን አልዞረም። ብሎኑ የሚያልፍበት፣ ጎሚኒው (የክንዱ መገጣጠሚያ ላስቲክ) ውስጥ ያለው የብረት ቱቦ ከብሎኑ ጋር በዝገት ተጣብቆ አንድ ሆኗል። የተጠማዘዘው ላስቲኩ ነው፣ የመለሰውም ላስቲኩ። እንዲህ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ብታዞረው ላስቲኩን ማሸት ነው እንጂ መፍታት አይደለም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ያው ንድፉ ነዋ። የብረት ብሎን በብረት ቱቦ ውስጥ ታስገባለህ፣ በመሀላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ትተዋለህ፣ ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ አትሠራለትም፣ ከዚያ ጎማ የሚረጨው ውኃና ጭቃ ሁሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ትሰቅለዋለህ። ውኃው በቀጭኗ ክፍተት ይሳባል፣ መውጫ ግን የለውም። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ክፍተቷን ይሞላና ብሎኑን ከሁሉም አቅጣጫ ጨምድዶ ይይዘዋል። የጥገና መጽሐፉ ላይ ስታነብ ግን «ብሎኑን አውጣ» ነው የሚለው። አንድ መስመር! ጻፊው ያንን መስመር ሲጽፍ ቡናውን እየጠጣ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ወደ ውርደቱ ልምጣ፤ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

ዳዶው ገና ሳይፈታ ነው። የዛገ ዳዶ ዝም ብሎ ወደ መፍቻው አይጎተትም። መጀመሪያ ቅንጣት ያህል ወደ ማጥበቂያው ትገፋዋለህ፤ ዝገቱ በየትኛውም አቅጣጫ ይሰበር፣ ዋናው መሰበሩ ነው። ከዚያ ትንሽ መፍታት፣ ትንሽ መመለስ፣ ዘይት ጠብ ማድረግ፣ እንደገና። በአንድ ትንፋሽ ከጎተትከው የዝገቱ ፍርፋሪ ጥርሱ መሀል ተጠቅጥቆ መንገድ ላይ ይነክሳል፤ ከዚያ ወይ ጥርሱ ይበላል ወይ ብሎኑ ይበጠሳል። ይህን እያደረግኩ ጎረቤቴ ሰውዬ ከላይ መጥተው ቆሙ። እኔ ከመኪናው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የማየው ጫማቸውን ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው የምታዞረው?»

«ትንሽ እያጠበቅኩት ነው ጋሼ።»

«እያጠበቅከው?!»

«አዎ፣ ዝገቱ እንዲላቀቅ ነው፣ ከዚያ እፈታዋለሁ።»

«ሊፈታ ፈልጎ የሚያጠብቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ! ኑ ልጆች፣ ኑ እዩ!» አሉና ጫማው ብዛቱ ጨመረ። አንዲት ትንሽዬ ጫማ ሁሉ አለች። «እስቲ ወደ ግራ መሆኑን ንገሪው» አሏት። ነገረችኝ። በትህትና ነው የነገረችኝ፣ እሱ ነው የባሰው። ልሂድ ሲሉ ደግሞ ሮንዴላዬን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጓትና ተንከባልላ ከማትደረስበት ገባች። «ዘይት ንፋበት» ብለው ሄዱ።

ዘይት ንፋበት! ይህች ቃል ታማኝ መድኃኒት መስላ ስንቱን አሰነፈች። ጥርሱ ውጭ ለሚታይ ዳዶ አዎ፣ ብሩሽ አድርገህ ጥርሱን ካጸዳህ በኋላ ሰርሳሪ ዘይት ትነፋለህ፣ ሌሊቱን ታሳድረዋለህ፣ ጠዋት ትደግመዋለህ፤ ይሠራል። ሁሉም ቤት ያለው ደብሊውዲ-40 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሠራ በዋናነት ውኃ ከብረት ላይ እንዲያባርር ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ለይቶ የተዘጋጀ ሰርሳሪ ይሻላል። ግን የጎሚኒው ቱቦ ውስጥ በየት በኩል ይግባ? የቱቦው ሁለት አፍ ብሎኑ በሚያልፍባቸው በሁለቱ የብረት ጆሮዎች መሀል ተጨምቆ የተያዘ ነው። ከውጭ የነፋኸው ዘይት የብሎኑን ራስ አጥቦ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውጭ የትም አይደርስም።

«በእሳት ሞቅ አድርገው» የሚልም አለ። እሺ፣ እናስላ። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ብሎን በ300 ዲግሪ ብታሞቀው የሚሰፋው 0.04 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለዳዶ ይህ በቂ ነው፤ ዳዶውን ብቻ ስታሞቀው ቀዳዳው ይሰፋል፣ ዝገቱ ይሰነጠቃል። ቱቦው ግን ላስቲክ ውስጥ ነው ያለው። ላስቲኩን ሳታቃጥል ቱቦውን ማሞቅ አይቻልም። ስለዚህ እሳት ካነሳህ አዲስ ጎሚኒ መግዛትህን አምነህ አንሳ፤ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ታንከርና ሾክ አብዞርበር አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አታንሳ። ሰርሳሪ ዘይት ነፍተህ ወዲያው እሳት የምታስጠጋ ጀግና ከሆንክ ደግሞ ቅንድብህን ተሰናበተው።

ቧንቧ ጨምሮ መጎተትስ? ይህን ደግሞ «ጉልበት የለህም» የሚሉኝ ይስሙ። የ12 ሚሊ ብሎን እንደ መኪናው 120 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ይጠብቃል። አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 70 ኪሎ ሰው ሲንጠለጠል ወደ 690 ኒውተን ሜትር ነው። ብሎኑ እኮ ነው የሚበጠሰው እንጂ ዝገቱ አይለቅም! ለዚያውም መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሆነ የሚወርደው መኪናው ነው። ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ሳታስገባ ከሥር እንዳትገባ፤ ቧንቧም ወደ ጎን እየጎተትክ መኪናውን እንዳታናውጥ።

መዶሻውን ሞክሬዋለሁ። ሲመታ ደግሞ ዳዶውን መልሰህ ከብሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ታስገባዋለህ፣ አለበለዚያ የጥርሱ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ይከፈትና በቀዳዳው አያልፍም። ንቅንቅ አላለም። ላስቲኩ እያንዳንዷን ምት ይውጣታል።

እግረ መንገዴን ያንን 18 ቡሶላ (የብሎን ራስ ላይ የሚሰካውን ቁልፍ) የተዋስክ ሰው፣ ራስህን ታውቃለህ። የ12 ሚሊ ብሎን ራሱ እንደ ስታንዳርዱ 17፣ 18 ወይም 19 ነው። 18ቱ ሲጠፋ ሰው 19ኙን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሞክራል፣ ማዕዘኑ ይበላል፣ ከዚያ አለቀ። ቡሶላው ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገን ራስ ለማክበብ ነው የተፈጠረው። የስታብላይዘር ሊንኩስ (የመኪናውን ማዘንበል የሚቀንሰውን ዘንግ የሚያያይዘው አጭር ብረት)? ዳዶውን ስታዞር ኳሱም አብሮ ይዞራል፣ መሀሉ ላይ ያለችው የአለን ቁልፍ ቀዳዳ ተበልታለች፣ በግራይንደር ቆርጦ መጣል ብቻ። ይህ የሌላ ቀን ንዴት ነው፣ ግን ይመዝገብልኝ።

ስለዚህ ይቆረጣል፤ ውሳኔው ይኸው ነው። የግራይንደር ዲስክ አይገባም፣ ቦታው ጠባብ ነው። የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው የሚሠራው፤ ምላጩን በጆሮውና በጎሚኒው መሀል አስገብተህ ብሎኑንም ቱቦውንም አንድ ላይ ትቆርጣለህ፣ በሁለቱም በኩል፣ ጆሮውን ሳትነካ። ብሎኑ የጥንካሬ ቁጥሩ 10.9 ከሆነ ጠንካራ ብረት ነው። ተራ ምላጭ ጥርሱን አራግፎ ይሳለቅብሃል፤ ጫፉ ካርባይድ የሆነ ያስፈልጋል፣ በዝግታ፣ ዘይት ጠብ እያደረጉ።

ከመቁረጥ በፊት ግን ክንዱ ሥር ክሪክ ይግባ! ይህን በትልቁ ነው የምጽፈው። ሞላው ክንዱ ላይ ተጨምቆ ነው ያለው። ለምሳሌ በሚሊ ሜትር 25 ኒውተን የሚገፋ ሞላ 15 ሴንቲ ሜትር ተጨምቆ ከሆነ የሚገፋው ወደ 380 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው። ብሎኑ ሲቆረጥ ያንን የያዘው ክሪኩ ብቻ ነው። በሞላው ቀለበቶች መሀል ሰንሰለት አሳልፈህ ከመኪናው ጋር እሰረው፣ ፊትህን ከፊቱ አርቅ፣ ክሪኩን ቀስ በቀስ አውርድ። የፊት ሞላ ከሆነ ደግሞ በሁለት መጭመቂያ፣ ፊት ለፊት በትይዩ፣ አንዱን ጥቂት ዙር ሌላውን ጥቂት ዙር እያፈራረቁ ነው፤ ሞላው ከመቀመጫው ሳይላቀቅ ከላይ የያዘውን የመሀሉን ዳዶ የሚነካ ሰው ሕይወቱን የጠላ ነው።

ቀኙን በዚህ ሁሉ ብጨርስ ግራው አለ። አዲስና የደከመ ሞላ አንድ አክስል ላይ አይደረግም፣ መኪናው ያዘነብላል። ግራውም እንደ ቀኙ ነው፤ ምን ይደረግ።

የሚያናድደኝ ከዚህ በፊት እዚህ የነካካው እጅ ነው። ጎሚኒው ሲወጣ ታዩታላችሁ፣ ተቀዷል። ሰውዬው ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ በአየር ሽጉጥ አጥብቆት ሄዷል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከጆሮዎቹ ጋር ይቆልፋል፤ ከዚያ መኪናው መሬት ሲወርድ ላስቲኩ ዕድሜ ልኩን ተጠማዝዞ ይኖራል፣ ይቀደዳል። ብሎኑን በእጅ ታስገባለህ፣ ክንዱን በክሪክ መኪናው የሚቆምበት ከፍታ ድረስ ታነሳለህ፣ ያኔ ነው በቶርክ ቁልፍ የሚጠብቀው። ከመግባቱ በፊት የመዳብ ግራሶ ብሎኑ ግንድ ላይ ብቻ፣ ቱቦው ውስጥ በሚቀረው ክፍል ላይ በስሱ ትቀባለህ፤ ጥርሱን ከቀባኸው በዚያው ኒውተን ሜትር ከልክ በላይ ይሳባል። አዲሱ ብሎን 10.9 ከነበረ 10.9 ነው የሚገባው፣ «8.8ም ያው ብረት ነው» የሚልህን ሻጭ አትስማ። ዳዶውም አዲስ፤ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ደጋግሞ አይሠራም። እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው አንድ ጊዜ በወጉ አድርጎት ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ከመኪና ሥር ተኝቼ ወደ ግራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሕፃን አልማርም ነበር!

የካርባይድ ምላጭ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይምጣ። 18ቷም አብራ ትምጣ።