ካርቡሬተር ገጥመው ካምቢዮዬን አደነዘዙት

ኧረ ተቃጠልኩ ልጆች! አሮጊቷ ሼቭሮሌት ፒክአፔ ኢንጀክተሯ አላስቀምጥ ሲለኝ ጎንደር አዘዞ ያለ አንድ ጋራዥ "ወንድሜ ከዚህ ሽቦ ሁሉ እንገላግልህ፣ ካርቡሬተር እንግጠምልህ" አለኝ፣ ያው ያለ ኮምፒዩተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የድሮውን ዕቃ፣ እኔ ጅሉም እሺ አልኩ። ሞተሩ አሁን በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ አልዋሽም። ግን ካምቢዮው እኮ ፎር ኤል 60 ኢ የሚባል አውቶማቲክ ነው፣ ያቺ "ኢ" ኤሌክትሮኒክ ማለት ናት! የድሮው 700 አር 4 ካምቢዮ ቢሆን ከካርቡሬተሩ ጋር በኬብል ይግባባል፣ የኔው ግን ማርሽ የሚቀይረው ኮምፒዩተር በሚያዛቸው ሶሌኖይዶች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሰሩ የዘይት ቫልቮች ነው፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቤንዚን ምን ያህል እንደረገጥኩ የሚያውቀው ከስሮትል ሴንሰሩ ነው፣ እነሱ ሁለቱንም ነቅለው በፌስታል ቋጥረው ወንበር ስር ወረወሩልኝ።

ኤሌክትሪክ ካጣ ዲ ላይ ስታደርገው ያለችው 3ኛ ማርሽ ብቻ ናት። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ዳገት ላይ ቆማችሁ በ3ኛ ለመነሳት ሞክሩት እስቲ፣ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው ያቃስታል፣ ሶስት ሰው የጫነ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ አልፎኝ ሄደ፣ የካምቢዮው ዘይት ሽታ ጋቢና ድረስ ገባ። ኋላ ማርሽ ሳስገባማ ኤሌክትሪክ በማጣቱ የዘይቱ ግፊት ጣሪያ ስለነካ ጓ! ብሎ ሻሂዬን ደፋብኝ።

ተመልሼ ብጠይቀው "ካምቢዮው ድሮም በሽተኛ ነበር" አይለኝም?! ትናንት ቅቤ የነበረውን! መፍትሄውማ አለ፣ ለካምቢዮው ብቻ የሚሰራ ኮምፒዩተርና ካርቡሬተሩ ላይ የሚታሰር ስሮትል ሴንሰር ነው፣ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። ይሄን ሳይፈቱ በፊት መናገር ምን ነበረበት? ፌስታሏ አሁንም ወንበር ስር ናት።