የማዘር ግቢ እና የማንቸስተር ቀስቃሽ

እኔ ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ስምንት ክፍል ያለው ግቢ ውስጥ። ሰባቱን የፓርክ ልጆች፣ ማለትም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የሚሰፉት ሴቶች ይዘውታል፣ አንዱን እኔ። እነሱ ለአራት አንድ ክፍል ሲከራዩ እኔ ብቻዬን ስለምኖር ግቢው ውስጥ ባለሀብት ነኝ ማለት ነው፣ ለዛም ይመስለኛል ሁሉም "ጋሼ" የሚሉኝ። 33 አመቴ ነው። ተናግሬ ተናግሬ ትቼዋለሁ።

ግቢያችን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው የሚነቃው። መጀመሪያ የአንዷ ስልክ አላርም ይጮሃል፣ ባለቤቷ አትሰማም፣ ሰባቱ ክፍል ይሰማል። ከዛ ጀሪካን ይንኳኳል፣ ከዛ የቆርቆሮው በር፣ ከዛ "ኧረ ባጅሽን ረሳሽ!"፣ ከዛ ሰርቪሱ እንዳያመልጣቸው ሩጫ፣ ከዛ ጭጭ። እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ የምገባ ሰውዬ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ጣሪያ እያየሁ አነጋለሁ፣ ግን አሁንም በየቀኑ አርፍጄ ነው የምገባው፣ እንዴት እንደሆነ አለቃዬም አልገባውም እኔም አልገባኝም።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ስልክ ነው የሚጎረጉረው፣ እንዲህ ስጎረጉር ነው የድሮ የጨርቃጨርቅ ከተሞች ታሪክ ውስጥ የገባሁት። ማንቸስተር ለኛ ኳስ ነው እንጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሟ የጥጥ ከተማ ነበር፣ ያ የሚያማርሩት ዝናብ ራሱ ጠቅሟቸዋል፣ አየሩ ሲረጥብ ክሩ ሲፈተል ቶሎ አይበጠስማ። እኔን የገረመኝ ግን ቀስቃሹ ነው። ሰራተኛው ሰዓት የሚገዛበት ስለሌለው ሰው ይቀጥራል፣ ቀስቃሹ ረጅም ቀርከሃ ይዞ ሌሊት በየመስኮቱ እየዞረ ቋ ቋ ያደርጋል፣ በሳምንት ጥቂት ሳንቲም ይሰበስባል። ይሄን ሳነብ ተናደድኩ። ሰው ከፍሎ የሚያገኘውን አገልግሎት እኔ ሳልጠይቅ እየተሰጠኝ ነው ለካ።

ከዛ ወደ አሜሪካ ተሻገርኩ፣ ሎዌል የምትባል ከተማ። ስሟ የወጣላት ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል ለሚባል የቦስተን ነጋዴ ነው። ሰውየው እንግሊዝ ሄዶ ፋብሪካ ጎበኘ፣ የማሽን ንድፍ ከሀገር ማውጣት በህግ የተከለከለ ስለነበር በጭንቅላቱ ሸምድዶት ተመለሰ። ኩረጃ እንደዚህ ነው እንጂ! እኔ 12ኛ ክፍል አንዲት ፎርሙላ ከፊቴ ከተቀመጠው ልጅ ወደ ወረቀቴ ማድረስ አቅቶኛል። በ1817 እ.ኤ.አ. ሞተ፣ በስሙ የተጠራችውን ከተማ አላያትም።

ሎዌል ውስጥ የሚሰሩት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በጋ ላይ ደወሉ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ይደወላል፣ በቀን 12፣ 13 ሰዓት ይሰራሉ፣ የሚያድሩት ኩባንያው ባዘጋጀው ቤት፣ አንድ አልጋ ለሁለት። የቤቱ ጠባቂ አንዲት ሴትዮ ናት፣ በሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋል።

እዚህ ጋ ስልኬን አስቀመጥኩት። ማዘር በር የሚዘጉት 4 ሰዓት ነዋ!

ማዘር አከራያችን ናቸው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ላይ ተመረቀ፣ በ9 ወር ተገነባ ተባለ፣ በሙሉ አቅሙ ሲሰራ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተባለ። ሌላው ሰው 60,000 ስራ ሲሰማ ማዘር የሰሙት 60,000 ተከራይ ነው። በዛው ክረምት ጓሮ የነበረው የበጎች ቤት በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍሎ "ሰርቪስ" ሆነ። እኔ አንደኛው ውስጥ ነኝ፣ ዝናብ ሲጥል የቀድሞ ነዋሪዎቹ ይሸቱኛል። በ2014 ታህሳስ አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ ማለት ነው፣ ስታስወጣን ከአምስት ቁጥር ልጆች ሁለቱ ስራ አጥተው ወደ ቤተሰብ ተመለሱ፣ የቀሩት ሁለቱ የአራት ሰው ኪራይ ይከፍሉ ገቡ። "ክፍሉ አልጠበበም" አሉ ማዘር።

ልጆቹ ራሳቸው ልዩ ናቸው። አንድ ቀን ሱሪዬ ተተረተረና አምስት ቁጥር ወሰድኩት፣ ልብስ ሰፊ ጎረቤት ይዤ ለምን ገበያ እወጣለሁ ብዬ። ልጅቷ አገላብጣ አየችውና "ጋሼ እኔ የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ነው የምሰፋው" አለችኝ። ሁለት ቁጥር የግራ ኪስ፣ ሰባት ቁጥር ቁልፍ። ግቢው ሲደመር አንድ ሙሉ ሸሚዝ ይወጣዋል፣ ሱሪ የሚያውቅ ግን የለም። ገበያ ወጣሁ።

እሁድ ነው ነፃነታቸው፣ ፀጉር ተሰርተው ፍቅር ሀይቅ ፎቶ ይነሳሉ፣ ብር ካለ አሞራ ገደል አሳ ይበላሉ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ አጠገባቸው እንደ ዘበኛ ቆሞ የአሳውን ጭንቅላት ይጠብቃል። ከዛ ሲመለሱ ቡና ይፈላል። አንድ እሁድ ቡና ላይ የሎዌልን ታሪክ ዘረገፍኩላቸው፣ በተለይ የ1836ቱን፣ የማደሪያና የምግብ ሂሳብ ሲጨመርባቸው ከሺህ በላይ ሴቶች ስራ አቁመው መውጣታቸውን። ሲኒ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ኮሌታ ሰፊዋ "እሺ ከዛስ ጋሼ፣ ቀነሱላቸው?" አለች። አፌን ስከፍት ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ሳል ተሰማ። የማዘር ሳል የብርድ አይደለም።

ወሩ ሲደርስ ኪራይ የተጨመረው በእኔ ላይ ብቻ ነው። "አንተ ብዙ ታነባለህ፣ መብራት ይበላል" አሉኝ።

እውነት ለመናገር ማዘርን አልፈርድባቸውም። አሁን ማንቸስተር ውስጥ አንኮትስ የሚባለው ሰፈር ያሉት የድሮ የጥጥ ፋብሪካዎች አፓርትመንት ሆነዋል፣ ያውም ውድ። ያን ሁሉ ጭስ ጭሰው፣ ያን ሁሉ ቀስቃሽ አስሩጠው መጨረሻቸው የሚከራይ ቤት። ማዘር ከበግ ቤት ስለጀመሩ መሃል ያለውን ሁሉ ዘለውታል።

አንድ ነገር ግን ከዛ ንባብ ተርፎናል። የእንግሊዝ ሸማኔ ሴቶች ማሽኑ ጆሮ ሲያደነቁራቸው ከንፈር እያነበቡ ነበር የሚያወሩት፣ አፋቸውን አጋነው እየከፈቱ ያለድምፅ። ይሄንንም ነግሬያቸው ነበር፣ ያን ቀን ማዘር ለቅሶ ሄደው። በማግስቱ ግቢው ዝም አለ፣ ከንፈር ብቻ። ዛሬ ጠዋት ማዘር ቧንቧው ጋ ጀሪካን ሲቆጥሩ ኮሌታ ሰፊዋ ከወዲያ ማዶ አፏን ከፈተች፣ "ስንት ጨመሩብህ?" እኔ ቋንቋው ገና ስላልገባኝ በጣቴ ማሳየት ጀመርኩ፣ ሶስተኛው ጣት ላይ ማዘር ዞሩ።

"ምንድነው የምትቆጥረው?"

"ቀን ነው ማዘር። የወሩን ቀን።"

"እሱን ተወው" አሉኝ፣ "እኔ እቆጥርልሃለሁ።"