ሲባጎውን ማን ይያዝልኝ?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሲሚንቶ ከረጢት አንጥፌ ከበሬ ሥር ተንበርክኬአለሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀነሰና አንገቱን አወጣ።

«ፋዘር! ጠሟል!»

ይህን ብሎኝ ሄደ። የራሱ ባጃጅ ወደ ግራ ተንጋዳ ነበር የምትሄደው።

ጥፋቱ የኔ ነው። የአሸዋ ጋሪ ይገባል ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቻለሁ። አዳማ ላይ በሩን ከፍቶ የሚሠራ ሰው፣ የምክር ጨረታ እንዳወጣ ይቆጠራል። ያለፈ ያገደመው ይቆማል። እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ጭንቅላቱን ዘንበል ያደርጋል። ከዚያ «እንደሱ አይደለም» ይላል።

የምሠራው ጠርዝ ነው፤ የመንገዱን ድንጋይ ከዳር የሚይዘውን ከርብስቶን። ከበሩ እስከ ደጃፋችን 11 ሜትር መንገድ አለችን። አምና ኮብል አስነጠፍናት። አንጣፊው ሒሳቡን ሲቀበል «ጠርዙስ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እሱ ለውበት ነው። ቀስ ብለው ይደርሱበታል» አለኝ።

ለውበት!

ክረምት ገባ። የአዳማ ክረምት ደግሞ የሚመጣው ከሰማይ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ካሉት ጋራዎችም ይወርዳል። የዳር ድንጋዮቹ ቀስ እያሉ ወደ ባለቤቴ ጎመን መደብ ተሰደዱ። እነሱ ሲሄዱ መሃሎቹ ላሉ። በመካከላቸው ያለው አሸዋ ታጠበ። ኮብል ተጣብቆ የቆመ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ጎን ለጎን ተጨናንቆ ነው የሚቆመው፣ ልክ እንደ ታክሲ የኋላ ወንበር። ዳር ያለው ከወረደ ሁሉም ይላላል።

«ዳር ሲፈታ መሃል ዳር ይሆናል» ይባላል። ይህን ተረት ነፍሴን ነው የምወደው። የሚያናድደኝ ግን ለስብሰባ ብቻ መዋሉ ነው። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገረዋል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል። እኔ የምጠረጥረው ተረቱን ያወጣችው ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ናት። አያቴ ሰፌዱን ከምንም በላይ የምትጨነቅለት የመጨረሻው ዙር ላይ ነበር። እኛ ግን ተረቱን ወስደን ሰፌዱን ረሳነው።

የሰፈራችንን ኮብል እንደ ምሳሌ ውሰዱ። በመዋጮ ነው የተነጠፈው። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ገንዘብ ያለው በገንዘቡ። የዳር ድንጋይ ላይ ሲደርስ ኮሚቴው «በጀት አልቋል» አለ። በሳምንቱ ምርቃት ነበር። ለድንኳን ገንዘብ ነበረ። ለለስላሳ ነበረ። ሪባን እንኳ ተቆርጧል፣ ለዚያውም ሁለት ቦታ። ዛሬ ያ መንገድ ዳር ዳሩ ተበልቶ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ሆኗል። አሮጊቶች ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እየተደናቀፉ ይወድቃሉ። ይህ ቀልድ አይደለም። ሪባኑን የቆረጠው ሰው መቀሱን ይዞ ይመለስና አንዷን አሮጊት እንኳ ያንሳ!

ወደ በሬ ልመለስ። ሁለተኛው አማካሪዬ ጎረቤቴ ናቸው። «ከርብስቶኑ ከኮብሉ ከፍ ይበል፣ አፈር አያስገባም» አሉ። ሦስተኛው ደረሰና «ከፍ ካለማ ውሃ ያቁራል፤ እኩል ነው መሆን ያለበት» አለ። ሁለቱ ከጭንቅላቴ በላይ ተከራከሩ። ሦስተኛው ልክ ነው፣ አልነገርኩትም እንጂ። ውሃው በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እየወረደ፣ በጠርዙ ላይ አልፎ መውጣት አለበት። ከርብስቶኑም በተጠቀጠቀ ገረጋንቲና በኮንክሪት ላይ ይቀመጣል፤ ከጀርባው ደግሞ ኮንክሪት ተደርጎ ይደገፋል። ጀርባው ካልተያዘ እሱም ወደ ጎመኑ ይሰደዳል።

ልኩን የምናይበት ውሃ ልክ የለኝም። ነበረኝ። የዛሬ 8 ዓመት እኚሁ ጎረቤቴ «ለአንድ ቀን» ብለው ተዋሱት። በ4 ወራቸው መለሱት። ብልቃጡ ተሰንጥቋል፣ ጠብታ የለበትም። ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልኩ አለ፤ ውሃው ነው የሌለው።»

8 ዓመት ሙሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ተሸክሜ እዞራለሁ። ዛሬ እሳቸው ናቸው በላዬ ቆመው «ዘንበል ብሏል» የሚሉኝ።

ስለዚህ በድሮው ዘዴ፣ በውሃ በተሞላ ነጭ ጎማ ልለካ ተነሣሁ። ጎማ ግን ሁለት ጫፍ አለው። መስመሩን የማቀናበት ሲባጎም ሁለት ጫፍ አለው። «ጋሼ፣ ያቺን ጫፍ ይያዙልኝ» አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ። ቀብር አለባቸው። ሦስተኛው ስልክ ተደወለለት፤ ሲጠራ ግን አልሰማሁም። አራተኛው ጭራሽ «ሠራተኛ አትቀጥርም?» ብሎኝ ሄደ። ምክር የሚሰጥ ሰው ሞልቷል፤ ጫፍ የሚይዝ ግን የለም።

ነፋሱም አላገዘኝም። የአዳማ ነፋስ ከከተማው አጠገብ ባሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታሰበ ነፋስ ነው። እኔ በአንድ ሲባጎ ልገጥመው ተነሥቻለሁ።

ጎማውን ተውኩትና ሲባጎውን አንዱን ጫፍ በችንካር፣ ሌላውን በበሩ እጀታ አሰርኩት። ጎበዝ ነኝ አልኩ። 4 ሜትር ሠራሁ። ቀና ብዬ ሳየው ግን መጀመሪያው አካባቢ ሆድ አውጥቷል። ለካስ ምክር ሊሰጥ የሚመጣ ሁሉ በሩን ገፋ እያደረገ ነው የሚገባው። በሩ ሲሄድ ሲባጎውም፣ ሲባጎው ሲሄድ እኔም አብረን ሄደናል።

ባጃጁ በመልሱ አለፈ። ሹፌሩ አየኝ፣ አየሁት። ምንም አላለም። ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

እርጥብ ጆንያ አምጥቼ ሸፈንኩት። ለ7 ቀን አላነሳውም። ኮንክሪት እንዳይሰነጠቅ እርጥበት ይፈልጋል። ደግሞም አይታይም።