ሥራ የፈታው መስኮት

ሥራ አስኪያጅን እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ አስተናጋጅ የሚያበግነው ነገር የለም። ወረፋው ደጅ ድረስ ቢዘረጋ «ገበያ ደርቷል» ብሎ ደስ ይለዋል። አስተናጋጁ ጥፍሩን ሲያይ ከተያዘ ግን በማግስቱ ከሦስቱ መስኮቶች አንዱ ይዘጋል። ከዚያም «ደንበኞቻችን ለምን ትዕግሥት አጡ?» የሚል ስብሰባ ይጠራል።

ይህ ስብሰባ አላስፈላጊ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። አግነር ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሰው፣ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ ለስንት ደዋይ ስንት መስመር እንደሚበቃ ሲያሰላ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የወረፋን ሒሳብ ጀመረው።

አንድ መስኮት እንውሰድ። አስተናጋጁ አንድ ሰው በአማካይ በ5 ደቂቃ ይሸኛል። ደንበኞች ተቀጣጥረው አይመጡም፤ ጉዳያቸውም እኩል አይደለም፤ አንዱ ለፊርማ፣ ሌላው የጠፋ ሰነዱን ታሪክ ከነዘር ማንዘሩ ሊተርክ ይመጣል። አስተናጋጁ ከሰዓቱ ግማሹን ብቻ ሥራ ከያዘው፣ ተራ መጠበቂያው በአማካይ 5 ደቂቃ ነው። 80 በመቶ ከያዘው 20 ደቂቃ፣ 90 በመቶ ከሆነ 45። አለቃው «ጎበዝ!» በሚልበት 95 በመቶ ላይ 95 ደቂቃ ይሆናል። 100 በመቶ ላይማ ሰልፉ ማቆሚያ የለውም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የተያዘውን ድርሻ ለትርፉ ድርሻ ያካፍሉ፣ በ5 ያባዙ።

ለምን ቢሉ፣ ማንም ሳይመጣ ያለፈ አሥር ደቂቃ ስድስት ሰው አንዴ ግር ሲል ተመንዝሮ አይከፈልም። ጥፍሩን የሚያየው አስተናጋጅ ለዚያ ግርግር የተቀመጠ ነው።

የሁሉም ጉዳይ ልክ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ጥበቃው በግማሽ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ «ኮፒው የታለ?» የሚባለው መስኮቱ ላይ ሳይሆን ሰልፉ ላይ መሆን አለበት፤ ወረቀት የሚያይ አንድ ሰው በሰልፉ መሃል ቢዘዋወር ይበቃል።

ደግሞ ሦስት መስኮት ፊት ሦስት ሰልፍ ማሰለፍ ምን የሚሉት ነው? በ90 በመቶ ሥራ፣ ሰው ከሰልፍ ሰልፍ ካልዘለለ፣ ጥበቃው ያው 45 ደቂቃ ነው። ሦስቱን አንድ ሰልፍ አድርጎ የፊተኛውን ወደተለቀቀው መስኮት መላክ ወደ 14 ደቂቃ ያወርደዋል፤ አንድም ሰው ሳይቀጠር። «የኔ ሰልፍ ሁሌ ይጎተታል» ለሚሉም መድኃኒት ነው፤ ከሦስት ሰልፍ የእርስዎ ፈጣኑ የመሆን ዕድሉ አንድ ሦስተኛ ብቻ ነውና እርግማን የለብዎትም። አለቆች ግን አንዱን ሰልፍ አይወዱትም። ረጅም ይመስላላ!

ግድግዳው ላይ «ከ10 ደቂቃ በላይ አናስጠብቅም» የሚል ከተለጠፈ፣ አሜሪካዊው የወረፋ ተመራማሪ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ ያጋልጠዋል፦ አዳራሹ ውስጥ በአማካይ ያለውን ሰው በሰዓት ለሚስተናገደው ያካፍሉ። 30 ሰው ካለ፣ በሰዓት 20 ከተሸኘ፣ ገብቶ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

የቀረን «አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት» ብሎ የሚሰነቀረው ነው። ስምንት ሰው ቀድሞ 40 ደቂቃ ቢያተርፍ፣ ስምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ አዋጥተው ከፍለውለታል፤ አማካዩ ንቅንቅ አላለም። ጥያቄው እውነት የአንድ ደቂቃ ከሆነማ ስምንቱ ያዋጡት 8 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሒሳቡ ለሱ ይፈርዳል! ችግሩ፣ «አንዲት ጥያቄ» መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሦስት ቅጽና አንድ አቤቱታ ትወልዳለች። የአጭር ጉዳይ መስኮት የሚሠራው፣ አጭርነቱን ባለጉዳዩ ራሱ ሳይሆን በሩ ላይ የቆመ ሠራተኛ ወረቀቱን አይቶ ሲወስን ነው።