ኬንያ የምትጠራው ነዳጅ ሲጨምር ብቻ ነው?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ክርክር ላይ አንድ ባለሥልጣን ስለ ነዳጅ ዋጋ ተጠየቁ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ናይሮቢ ውስጥ ቤንዚን ከእኛ በብዙ ይወደዳል፣ ስለዚህ የሚያማርር ሰው ጎረቤቱን ይመልከት። ተከራካሪያቸው አንገቱን ደፋ፣ አወያዩም ፈገግ ብሎ ወደ ሌላ ርዕስ ተሻገረ። እኔ ግን ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ናይሮቢ አንድ ሊትር ቤንዚን በ184 ሺልንግ ገደማ ይቀዳ ነበር፤ ይህ ወደ አንድ ዶላር ከአርባ ሳንቲም ይጠጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ120 ብር በላይ ነበር፤ በባንክ ምንዛሪ አንድ ዶላር አይሞላም። እንግዲህ የእኛ ርካሽ ሆነ። ለማን ነው ርካሽ የሆነው? ደመወዙን በዶላር ለሚቀበል ሰው ነዋ! እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ነዳጅ ተወደደ ብሎ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤትን እንመልከት ካሉ በደንብ እንመልከት። ኬንያ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባደረገችው ጭማሪ፣ ናይሮቢ ውስጥ ለአንድ ተራ የጉልበት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 16,113 ሺልንግ ሆኗል፤ የቤት አበል ሳይጨመር ማለት ነው። ይህ ሰው ደመወዙን በሙሉ ቤንዚን ቢገዛበት ከ85 ሊትር በላይ ይቀዳል። የእኛ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በመስከረም 2018 ተሻሽሎ 6,000 ብር ገብቷል፤ ከዚያ በፊት 4,760 ብር ነበር። ከተሻሻለ በኋላ እንኳ 50 ሊትር አይሞላም። በዲግሪ ተመርቆ ሥራ የሚጀምረው በ11,500 ብር ነው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ፣ ናይሮቢ አካፋ ከሚይዘው ሰው በጥቂት ሊትር ቢበልጥ ነው። እንግዲህ የትኛው ከተማ ነው ነዳጅ የተወደደበት?

አብዛኛው ኬንያዊ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ስለሚኖር ይህ የደመወዝ ሕግ አይደርስለትም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሺ፣ አይድረስለት። የእኛው 6,000 ብርስ ቢሆን ለማን ደረሰ? ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ካለ ዓመታት ተቆጠሩ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን እስካሁን ከዚህ በታች አይከፈልህም የሚል ወለል የለውም። እነሱ የማይከበር ሕግ አላቸው፣ እኛ የሚጣስ እንኳ የለንም።

የሚያበሽቀኝ ግን ይኸኛው ነው። ያቺው ኬንያ በሌላ መድረክ ላይ ተገልብጣ ትቀርባለች። የውጭ ባለሀብት ሲጋበዝ ርካሽ ጉልበት አለን ይባላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት፣ የእኛ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ የኬንያው 207። ይህ ቁጥር ለባለሀብቱ ሲነገር ማባበያ ነው። ለእኛ የነዳጅ ዋጋ ሲነገረን ግን ከፋብሪካዋ ልጅ ደመወዝ ጎን አይቀመጥም። ለባለሀብቱ ሠራተኛው ርካሽ የሆነው የኬንያው ስለተወደደ ነው፤ ለእኛ ቤንዚኑ ርካሽ የሆነው የኬንያው ስለተወደደ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ የተናገረ ባለሥልጣን እስካሁን አላጋጠመኝም። የማያውቁት ሆነው አይደለም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ደግሞስ ኬንያውያን ያንን ዋጋ ወደውት ነው የሚከፍሉት ያለው ማን ነው? ከዋጋው ላይ ቀላል የማይባለው ታክስና ቀረጥ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወጣቶቻቸው አዲስ የታክስ ረቂቅ ሕግ ተቃውመው ፓርላማ ድረስ ገብተዋል፣ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ፕሬዚዳንቱም ረቂቁን አልፈርምም ብለው መልሰውታል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤታቸው በየወሩ ዋጋ ሲያወጣ የማስመጫውን ወጪ፣ ታክሱንና የአከፋፋዩን ትርፍ ለይቶ ይዘረዝራል። ንጽጽሩ ይህን ለምን አይጨምርም? ከጎረቤት ማሰሮ ውስጥ የምትፈልጋትን ጎመን ብቻ ለቅሞ ማውጣት ንጽጽር አይባልም።

ርካሽ ነዳጅ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል የሚለውን እቀበላለሁ፤ ድጎማ ካዝና እንደሚያራቁትም አውቃለሁ። እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፤ በእነሱ መከራከር ይቻላል። የሚከራከርበት ያለው ሰው ግን ናይሮቢ ድረስ ምን አስኬደው?

ተቃዋሚዎቻቸውም ቢሆኑ ያው ናቸው። ዶላር በደርግ ጊዜ ሁለት ብር ነበር እያሉ ዛሬም ያስጨበጭባሉ። አዎ፣ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር፤ ባንክ ሄዶ በዚያ ዋጋ ማግኘት የሚችል ተራ ሰው ግን አልነበረም፣ ጥቁር ገበያውም ከእጥፍ በላይ ይሸጠው ነበር። ይህን እያወቁ የሚናገሩትን ከባለሥልጣኑ ለይቼ አላያቸውም።

ከክርክሩ ማግስት ከመገናኛ ወደ አያት በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አንዲት እናት ረዳቱ የጠየቃቸውን ሒሳብ ሲሰሙ፣ ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም አሉት። ረዳቱም ያንኑ ቴሌቪዥን ሳያይ አልቀረም።

«እማማ፣ ኬንያ ቢሆኑ እኮ እጥፍ ነበር የሚከፍሉት።»

«ልጄ፣ እኔ ኬንያ ምን አለኝ? አያት ነው የምወርደው» አሉትና የመሐረባቸውን ጫፍ ፈትተው ብሮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው ሲኤምሲ ላይ አውርደኝ አሉት።